ለጎዳና ሩጫ ለሚሰለፉ ልጆቼ

ልጆቼ ሆይ፣ በየዓመቱ የኅዳር ወር ሲገባ፣ የክረምቱ ደመና ተገፎ ሰማዩ በአዲስ አበባ ላይ በጠራ ጊዜ፣ ዓመቱን በጽሕፈት ጠረጴዛ ላይ ተደፍቶ የሚያሳልፈው የመንግሥት ሠራተኛ፣ ሱቁን ዘግቶ የመጣው ነጋዴ፣ ተማሪውና መምህሩ፣ ሐኪሟና ሾፌሩ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ካናቴራ ለብሰው 10 ኪሎ ሜትር ለመሮጥ በእሑድ ማለዳ ወደ መስቀል አደባባይ ሲጎርፉ ማየት፣ ዕድሜ ለገፋን ለእኛ ከዓመት በዓላት እንደ አንዱ የሚቆጠር ደስታ ነው። በዚህ ደስታ መካከል ግን ልቤን የሚያሳዝነው አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ወራት ሙሉ በትጋት ሲዘጋጅ የቆየ ወጣት፣ በዕለቱ የሕዝቡ ብዛትና የሙዚቃው ድምፅ ልቡናውን ሰልቦት፣ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ኃይሉን ሁሉ አፍስሶ፣ የቀረውን መንገድ በምሬትና በሥቃይ ሲፈጽመው ማየት ነው። ስለዚህ ይህን የምጽፈው አሠልጣኝና ወጌሻ ላላቸው ለዝነኞቹ ሯጮች ሳይሆን፣ ከሥራ መልስና ከንጋት በፊት በምታገኙት ጥቂት ጊዜ ለምትሮጡት ለእናንተ ነው። የሩጫው ዕለት የአጨዳ ዕለት ነውና፣ በሐምሌና በነሐሴ ያልዘራ ሰው በኅዳር ማሳው ላይ ቆሞ ማጭዱን ቢያፋጨው ምንም አያገኝም፤ የዘራውም ቢሆን የዘራውን ያህል ብቻ ይሰበስባል።

ይህ የምትሰለፉበት ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ በኃይሌ ገብረ ሥላሴ አሳቢነት ተመሥርቶ በኅዳር 1994 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ ሲካሄድ የተሰለፉት 10,000 ያህል ነበሩ፤ መሥራቹም ራሱ ከሕዝቡ ጋር ሮጦ አንደኛ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ እያደገ ሄዶ ከ40,000 በላይ ደርሶአል። ይህን የማነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። በእኛ የወጣትነት ዘመን ሩጫ የክብር ዘበኛው፣ የጦር ሠራዊቱና የፖሊሱ ሙያ ነበር፤ ሌላው ሕዝብ በራዲዮ አጠገብ ተሰብስቦ የጀግኖቹን ድል ከመስማትና እልል ከማለት በቀር እግሩን ለማንሣት አያስብም ነበር፤ አንድ ጎልማሳ በቁምጣ በጎዳና ላይ ሲሮጥ ቢታይ «ምን ነካው?» ይባል ነበር። ዛሬ እናቶችና ሴቶች ልጆች፣ ቦርጫቸውን ለማቅለል የሚታገሉ አባቶች ሳይቀሩ ያለ ኀፍረት ወደ አስፋልቱ መውጣታቸውን እንደ ቀላል ነገር አትዩት። እናንተ ያለ ድካም ያገኛችሁት ይህ ነጻነት ለእኛ አዲስ ነገር ነውና በአክብሮት ያዙት።

እንግዲህ ከዋዜማው ልጀምር። በዋዜማው ሌሊት እንቅልፍ እንቢ ቢላችሁ አትደንግጡ፤ የልብ ጉጉት የሚያመጣው ነውና፣ ይልቁንስ ከዚያ በፊት ባለው ሌሊት፣ ይኸውም በዓርብ ማታ፣ አጥብቃችሁ ተኙ። ቁጥራችሁን ከካናቴራችሁ ጋር በመርፌ ቁልፍ አያይዛችሁ፣ ካልሲያችሁንና ጫማችሁን በአንድ ስፍራ አኑራችሁ ግቡ፤ በማለዳ ጨለማ ካልሲ የሚፈልግ ሰው ሩጫውን ሳይጀምር ይደክማል። ምግብን በተመለከተ ሆዳችሁ የማያውቀውን አትብሉ። በማስታወቂያ የሚወደሰው ባዕድ ዱቄትና በጠርሙስ የታሸገው ባለ ቀለም መጠጥ ለሌላው ይሁንለት፤ አያቶቻችን ለረጅም መንገድ ስንቅ ያደረጉት በሶ፣ በማር ወይም በስኳር ተበጥብጦ ከሩጫው ሁለት ሰዓት ያህል አስቀድሞ ቢጠጣ፣ ሆድን ሳያከብድ ጉልበት ይሰጣል። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ቀን ስለሚገባ፣ ሩጫው በጾሙ ውስጥ የሚውልበት ዓመት አለ፤ በዚያም ጊዜ በሶው አያስቸግራችሁም። በዚያ እሑድ ሥጋ ወደሙ ለመቀበል ያሰበ ሰው ግን ሩጫውን ለከርሞ ያቆየው። ሁለቱን በአንድ ማለዳ ለማድረግ መሞከር ለሥጋም ለነፍስም አይበጅም፤ ሩጫ በዓመቱ ይመለሳልና።

ስለ ጫማ የምነግራችሁን ከሁሉ አብልጣችሁ አድምጡ። አበበ ቢቂላ በሮማ በባዶ እግሩ ሮጦ ድል እንዳደረገ ከሕፃንነታችሁ ጀምሮ ሰምታችኋል፤ ለምን ጫማውን እንደ ተወ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። በዚያ የቀረበለት አዲስ ጫማ እግሩን ስላልተመቸው፣ በማያውቀው ጫማ እግሩ እንዳይቆስል፣ በልምምድ በሚያውቀው በባዶ እግሩ መሮጥን መረጠ። ዓለም በዚህ ሲደነቅ፣ እርሱ ግን ያደረገው ነገር ታላቅ ማስተዋል ነበረ፤ በታላቁ ቀን አዲስ ነገር አልሞከረም። እናንተም ለሩጫው ተብሎ በዋዜማው የተገዛውን የሚያብረቀርቅ ጫማ ለሰንበት ሽርሽር አቆዩትና፣ እግራችሁን የለመደውን፣ አቧራውን የጠጣውን አሮጌውን አጥልቁ።

አሁን ወደ መነሻው መሥመር እንምጣ፤ ዋናው ነገር ያለው በዚያ ነው። መስቀል አደባባይ በሰው ሲሞላ፣ ዘፈኑና ጭፈራው አየሩን ሲያናውጠው፣ ልብ ገና አንድ እርምጃ ሳይራመዱ መምታት ይጀምራል፤ በዚያ ሰዓት ሰው የማይችለውን የሚችል ይመስለዋል። ከፊት ያሉት ሲነሡ ከኋላ ያለው ለረጅም ጊዜ ቆሞ ይጠብቃል፤ ይህ መቆም ለብዙዎች መከራ ይሆንባቸዋል፤ መሥመሩን ሲያልፉም የቆሙበትን ጊዜ ለማካካስ እንደ ፈረስ ይለቀቃሉ። ልጆቼ፣ ይህን አታድርጉ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያህልና ከዚያም በላይ ከፍታ ያላት ከተማ ናት፤ በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሩብ ያህል ያነሰ ስለሆነ፣ ሳንባ በአንድ እስትንፋስ የሚያገኘው ሕይወት ሰጪ አየር በዚያው መጠን ያንሳል። ጡንቻ የሚጠይቀውና ሳንባ የሚያቀርበው በመጀመሪያው ኪሎ ሜትር ካልተመጣጠኑ፣ የሚመጣው ድካም እስከ መጨረሻው አይለቅም፤ ቆማችሁ ብታርፉም እንኳ ጉልበታችሁ በቀላሉ አይመለስም። በተለይ ከአሜሪካ፣ ከአውሮፓና ከዐረብ አገሮች ለዘመድ ጥየቃ መጥታችሁ በደረሳችሁ በጥቂት ቀን ውስጥ የምትሰለፉ ልጆቻችን፣ በዋሽንግተን ወይም በዱባይ በሰዓታችሁ የምታውቁትን ፍጥነት በዚህ አትፈልጉት። ሰውነታችሁ ቀጭኑን አየር ገና አልለመደውምና፣ የአገራችሁን አየር በትሕትና ተቀበሉት።

የልኩ ምልክት ምንድን ነው ብትሉኝ፣ ቀላል ነው፤ ከጎናችሁ ከሚሮጠው ወዳጃችሁ ጋር ሳታቃስቱ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ከቻላችሁ በልካችሁ ናችሁ፤ ቃላችሁ እየተቆራረጠ የሚወጣ ከሆነ ግን አልፋችኋልና ቀንሱ። እስከ መንገዱ አጋማሽ ድረስ ሌሎች ሲያልፏችሁ ታግሣችሁ እዩ። በትዕግሥት መጠበቅ ምን ያህል ኃይል እንዳለው ለማወቅ እንደገና ወደ አበበ ተመለሱ። በጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ ሕዝቡ የእንቁጣጣሽን ዋዜማ በሚያከብርበት ምሽት፣ በሮማ ጎዳና ከሞሮኮው ራዲ ጋር ጎን ለጎን ብዙ ኪሎ ሜትር ሲሮጥ፣ ቀድሞ ለመውጣት አልተጣደፈም፤ ኃይሉን ይዞ የቆየው ከአሠልጣኙ ከኦኒ ኒስካነን ጋር አስቀድመው ለመረጡት ስፍራ ነበረ። ያም ስፍራ ወደ መድረሻው ሲቃረቡ የሚገኘው፣ በጠላት ተወስዶ በዚያ የቆመው፣ በ1997 ዓ.ም. ወደ ቤቱ የተመለሰው የአክሱም ሐውልት ነበር። በዚያ ደርሶ ተስፈንጥሮ ወጣ፤ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትሩንም በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰኮንድ ፈጸመ። እናንተም ከዋዜማው አስቀድማችሁ፣ ከመንገዱ መጨረሻ አቅራቢያ አንድ ስፍራ ምረጡና ኃይላችሁን እስከዚያ ጠብቁ።

ስለ አብሮ መሮጥ ሥርዓት ደግሞ ልናገር፤ በዚህ ነገር ብዙ ቅሬታ እሰማለሁና። ለመሮጥ የመጣው፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው እየጨፈሩ የሚሄዱትን ይረግማል፤ ለመጨፈር የመጣው ደግሞ እየገፋ የሚያልፈውን ይሰድባል። እኔ የምፈርደው እንዲህ ነው፤ ጎዳናው የሁለቱም ነው፤ በሆታና በዘፈን የሚሄደው ሕዝብ የዚህ ሩጫ ጌጡ ነው፣ በሌላ አገር ገንዘብ ተከፍሎበት አይገኝም። ነገር ግን ቀስ ብሎ የሚሄድ ሰው የመንገዱን ዳር ይያዝ፤ አምስትና ስድስት ሆኖ አስፋልቱን ከጠርዝ እስከ ጠርዝ አይዝጋ። የሚያልፈውም በክርኑ ሳይሆን በአንደበቱ መንገድ ይጠይቅ፤ «ይቅርታ» የምትለው ቃል ጉልበት አትጨርስም። የጠጣችሁበትን ሃይላንድ በሰው እግር ሥር አትጣሉ፤ ባዶ ጠርሙስ ረግጦ የወደቀ ሰው ቁርጭምጭሚቱ ለወራት ሊታመም ይችላል። እናት ልጇን አቅፋ ከመንገድ ዳር ቆማ ስታጨበጭብላችሁ፣ ትንፋሽ ቢያጥራችሁም እንኳ እጃችሁን አንሡላት።

አቋርጦ ያለፈና በሌላ ሰው ቁጥር የሮጠ ሰው ስላገኘው ሜዳልያ የምለው አጭር ነው፤ ውዳሴ ከንቱ ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ ሩጫን ለመንፈሳዊ ተጋድሎ ምሳሌ ያደረገው፣ በከተማቸው አቅራቢያ ይደረግ የነበረውን የእስትሚያ ጨዋታ ያውቁት ስለ ነበር ነው፤ ለጢሞቴዎስ በጻፈው መልእክትም፣ በሕጉ ያልታገለ አክሊል እንደማያገኝ አስተምሮአል። በሕጉ ታግሎ የተሸነፈ ግን ክብር አለው፤ ደራርቱ ቱሉ በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና ወርቁን ካገኘች በኋላ፣ ሁለተኛ የወጣችውን የደቡብ አፍሪካዋን ኤላና ማየርን ጠብቃ፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሜዳውን ሲዞሩ ያየ ሰው፣ የተሸነፈን ማክበር አሸናፊን ምን ያህል እንደሚያስከብረው ተረድቶአል።

ከሁሉ የሚከብደውን ምክር ግን አሁን እናገራለሁ። መንገድ ላይ ሳላችሁ ደረታችሁን ቢጨንቃችሁ፣ ሕመሙ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ ቢወርድ፣ ዓይናችሁ ቢጨልም፣ ቀዝቃዛ ላብ ቢያጠምቃችሁ፣ ያንኑ ደቂቃ ቁሙ፤ በመንገዱ ዳር ወዳለው የመጀመሪያ ርዳታ ሰጪ ሂዱ፤ መሄድ ካቃታችሁ ተቀመጡና እጅ አንሡ። «ሰው ምን ይለኛል» የሚለው ኀፍረት የገደላቸው አሉ። አበበ ቢቂላ፣ ሁለት ጊዜ በተከታታይ የማራቶን ባለ ድል የሆነው እርሱ፣ በጥቅምት 1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ ሲሮጥ የእግሩ ሕመም ቢጸናበት በ17ኛው ኪሎ ሜትር ገደማ አቋርጦ ወጣ፤ ማሞ ወልዴም ሩጫውን ፈጽሞ ወርቁን ለአገሩ አመጣ። በዚያ ቀን ስለ ወጣ አበበን ያቃለለው ኢትዮጵያዊ አላውቅም። እርሱን ያላሳፈረው ነገር፣ እናንተን፣ የቤተ ሰብ አለኝታ የሆናችሁትን፣ ሊያሳፍራችሁ አይችልም። ከአርባ ዓመት በላይ የሆናችሁ፣ ወይም ከቤተ ሰባችሁ በልብ ሕመም የተጠቃ ያለባችሁ፣ ከመመዝገባችሁ በፊት ለሐኪም ታዩ፤ ይህ ፍርሃት አይደለም።

መሥመሩን ካለፋችሁ በኋላ ወዲያው አትቀመጡ፤ ደም በእግር ውስጥ ተጠራቅሞ ራስን ሊያዞር ይችላልና፣ ጥቂት ደቂቃ ቀስ እያላችሁ ተራመዱ። ውኃውን በአንድ ጊዜ አትጋቱት፤ በየጥቂቱ ተጎንጩ። የረጠበውን ካናቴራ አውልቃችሁ ደረቅ ልብስ ልበሱ፤ የኅዳር ነፋስ በላብ ላይ ክፉ ነው። ከዚያም ጉልበት ከቀራችሁ፣ ወደ ቤት ከመሮጥ ይልቅ በአደባባዩ ደረጃ ላይ ተቀምጣችሁ የመጨረሻዎቹ እስኪገቡ ቆዩ። አዛውንቱ በምርኩዝ፣ ጎረምሳው እያነከሰ፣ እናቶች እየተደጋገፉ ሲገቡ አጨብጭቡላቸው፤ ከእናንተ ይልቅ ረጅም ሰዓት በመንገድ ላይ ቆይተዋልና። በማግሥቱ ሰኞ ደረጃ ስትወርዱ ጭናችሁ ይታመማል፤ ይህ የተለመደ ነውና አትሥጉ፤ ለጥቂት ቀን በእግር ከመንሸራሸር በቀር ሌላ አትሥሩ። ሕመሙ በአንድ ጉልበት ወይም በአንድ ቁርጭምጭሚት ብቻ ተወስኖ ከሳምንት በላይ ከቆየ ግን፣ ለሐኪም ሳታሳዩ ወደ ሩጫ አትመለሱ።