በንጉሥ ፎቶ መሳቅ ነውር ነው?

ውድ እህቶቼ፣ ሥራው፣ ደረጃው፣ የመስኮቱ ጽዳት እንዴት ይዟችኋል? ዛሬ ስለ ደመወዝና ስለ ኢቃማ አልጽፍም፣ ስለሱ ከኔ የተሻሉ እህቶች ጽፈዋል። እኔ የማነሳው ቀልድ የሚመስል ጥያቄ ነው። ሳስበው ሳስበው ግን ቀልድ ብቻ ሆኖ አላገኘሁትም። ጥያቄው ይሄ ነው፦ የድሮ ነገሥታትን ፎቶ አይቶ መሳቅ ነውር ነው ወይስ አይደለም?

ዶራም ሆነ ቡርጅ ሃሙድ የሀበሻ ምግብ ቤት የገባች ሁሉ ግድግዳውን ታውቀዋለች። አፄ ቴዎድሮስ፣ አፄ ምኒልክ፣ እቴጌ ጣይቱ፣ ጃንሆይ ተደርድረው ከላይ ያዩናል፣ እኛ ከታች ሽሮ እንበላለን። እሁድ ሻይ ይዘን ቀና ስንል አንዷ አንድ ነገር ጣል ታደርጋለች፣ ከዚያ በኋላ ሳቁን ማን ያቆመዋል!

እስቲ እውነቱን እንነጋገር፣ ያስቃል እኮ። አፄ ምኒልክን ተመልከቷቸው። ራሳቸውን እንደ እናቶቻችን በነጭ ሻሽ አስረው፣ በሻሹ ላይ ደግሞ ሰፊ ባርኔጣ ደፍተዋል። የጦር አለቆቹ የአንበሳ ጎፈር ጭንቅላታቸው ላይ አድርገው ሲቆሙ ጸጉሯን ታጥባ ሳታበጥር የወጣች ልጅ ይመስላሉ። አፄ ቴዎድሮስማ በሕይወት እያሉ የተነሱት ፎቶ የለም፣ ሁሉም ሰዓሊ እንደመሰለው ነው የሚስላቸው። ስለዚህ አንዱ ሱቅ ውስጥ ቀጭን ናቸው፣ ማዶ ያለው ሱቅ ውስጥ ቦክሰኛ ይሆናሉ። ሹሩባቸው ብቻ አይቀየርም።

በፈረንጅም ቢሆን እንዲሁ ነው። አያቶቻችን ማርትሬዛ የሚሉትን ብር ታውቁታላችሁ። በላዩ ላይ ያለችው የኦስትሪያ ንግሥት ናት፣ የሞተችው እ.ኤ.አ. በ1780 ነው። ከሞተች በኋላም ብሩ ያንኑ 1780 የሚል ቁጥር እንደያዘ ሲመታ ኖረ። ደረተ ሰፊ፣ አገጯ ድርብ የሆነ ሴት ናት። የኛ ሰው ጌጧ ላይ ያሉት ነጥቦች ጥርት ብለው ካልታዩት ብሩን አልቀበልም ይል ነበር። አያቶቻችንም የማያውቋትን ንግሥት አቅልጠው መስቀልና አምባር አደረጓት። ከዚህ በላይ ምን ቀልድ አለ?

አሁን የምንስቀው በምንድነው ብዬ ራሴን ጠየቅኩ። በሰውየው አይደለም። በሰውየውና በልብሱ መካከል ባለው ክፍተት ነው። ጃንሆይ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ዘውድ ሲጭኑ ቀጭንና አጭር ሰው ነበሩ። ካባው በወርቅ ክር የተጠለፈ፣ ዘውዱ ከባድ ነው። ሥዕሉ «ትልቅ ነኝ» ይላል፣ አንገትየው ግን «ከበደኝ» ይላል። ይህን ደግሞ ከኛ በላይ የሚያይ የለም። እኛ የሰው ልብስ የምናጥብና የምንተኩስ ነን። ሌላው ሰው ካባውን ሲያይ ክብር ይታየዋል፣ ለኔ የሚታየኝ የላቡ እድፍ በምን እንደሚለቅ ነው። ያ ሁሉ ጥልፍ በካውያ ሲተኮስ ስንት ሰዓት ይፈጃል? ማን ተኮሰው? እሱ ሰውዬ ፎቶው ውስጥ የለም።

አንዳንዴ ግን አለ። ማትሐፍ የሚባለው ሰፈር ያለው ብሔራዊ ሙዚየም ውስጥ የንጉሥ አሂራም የድንጋይ ሬሳ ሳጥን አለ። እ.ኤ.አ. በ1923 ጅበይል ላይ የተገኘ፣ ዕድሜው ወደ 3000 ዓመት የሚሆን ነው። ንጉሡ ክንፍ ባላቸው አውሬዎች ወንበር ላይ ተቀምጧል፣ በእጁ ጠውልጎ የተንጠለጠለ አበባ ይዟል፣ ፊቱ ምግብ የቀረበበት ጠረጴዛ አለ። ከጠረጴዛው ወዲያ ሰዎች ተሰልፈዋል። የመጀመሪያው ምን ይዟል መሰላችሁ? የዝንብ ጭራ! ከኋላው ያሉት ዕቃ ተሸክመዋል። እህቶቼ፣ ያ ሰልፍ እኛ ነን። የአንበሳ አካል ያለው አውሬ ላይ የሚቀመጥ ንጉሥ ዝንቡን ራሱ ማባረር አልቻለም። ይህን አይቶ መሳቅ ስድብ አይመስለኝም። ትልቅነት ብቻውን እንደማይቆም፣ ከጎኑ ጭራ የያዘ ሰው እንደሚፈልግ ማወቅ ነው።

ይህን ስናገር እትዬ የምንላቸው አንዲት ታላቃችን አልተስማሙም። የተናገሩት ከልቤ አልወጣም፣ ስለዚህ እጽፈዋለሁ። «ልጆቼ፣ በኛ ፈረንጅ ስቆብን አልጠገበም ወይ? እናንተ ደግሞ ትጨምራላችሁ?» አሉን። እውነት አላቸው። የ1923ቱ ዘውድ ለሀገር ሰው ብቻ አልነበረም። የውጭ መንግሥታት እንግዶች ተጠርተው ነበር፣ ወርቁም ካባውም «እኛም እንደናንተ መንግሥት ነን» የሚል ደብዳቤ ነበር። ኤቭሊን ዋ የሚባል እንግሊዛዊ ጸሐፊ ግን መጥቶ አይቶ፣ ተመልሶ በመጽሐፍ ቀለደበት። ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ደግሞ ጃንሆይ ሀገራቸው በጣሊያን ተይዛ፣ ጄኔቭ የመንግሥታት ማኅበር ፊት ሊናገሩ ቆሙ። ዘውድ የለም፣ ጥቁር ካባ ብቻ ነው። የጣሊያን ጋዜጠኞች እያፏጩ ተሳለቁባቸው። ሰውየው በ1923 ዘውድ የጫኑት ሰው ናቸው። በዘውዱ ጊዜ ፈገግ ያልኩ እኔ በጄኔቭ ጊዜ መሳቅ አልችልም። ለምን?

መልሱን ያገኘሁት ከሌላ ፎቶ ነው። አፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ከሞቱ በኋላ እንግሊዞች ዘውዱንም፣ መጻሕፍቱንም፣ የ7 ዓመት ልጃቸውን ልዑል ዓለማየሁንም ይዘው ሄዱ። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ በመንገድ ላይ ሞቱ። እንግሊዝ እንደደረሰ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን የምትባል ታዋቂ ፎቶ አንሺ የሀገሩን ልብስና ጌጥ እንዳደረገ አነሳችው። ይጠብቀው የነበረው መኮንን ካፒቴን ስፒዲም የኢትዮጵያ ልብስ ለብሶ ተነስቷል። ልዩነቱን ልብ በሉ። ስፒዲ ከፎቶው በኋላ ልብሱን አውልቆ ሀገሩ ላይ ይተኛል። ልጁ ግን ቢያወልቀውም የሚሄድበት የለውም። በ18 ዓመቱ እዚያው ሞተ፣ እ.ኤ.አ. በ1879 ዊንዘር ተቀበረ። በ2015 ዓ.ም. አፅሙ ይመለስ ተብሎ ሲጠየቅ የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት አይሆንም አለ። ያንን የልጅ ፊት አይታ የምትስቅ አለች? እኔ አላውቅም።

ስለዚህ ለራሴ አንድ መለኪያ አወጣሁ። በልብስ ከመሳቄ በፊት ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። ልብሱን የመረጠው ማነው? ሲፈልግስ ማውለቅ ይችላል? ራሱን ሊያተልቅ ብሎ ራሱ የለበሰ፣ ሲፈልግም የሚያወልቅ ከሆነ በልብሱ ብንስቅ አይጎዳውም፣ ለኛም ልብ ማሳረፊያ ነው። ሌላ ሰው ያለበሰው ከሆነ ግን ሳቁ በልብሱ ላይ አይቀርም፣ ሰውየውን ይወጋል። ሮዝ ወይም ሰማያዊ ዩኒፎርም ለብሳ ኮርኒሽ ላይ የሰው ልጅ ጋሪ በምትገፋ እህት የሚሳሳቁትን አስቡ። ዩኒፎርሙን እሷ አልገዛችውም፣ ቀለሙንም አልመረጠችም። ያ ሳቅ የጄኔቩ ፉጨት ወንድም ነው።

ለእትዬም መልሴ ይኸው ነው። በሀገር ቤት ግድግዳ ሥር ሆነን በነገሥታቱ ስንስቅ የቤት ልጅ በአባቱ ባርኔጣ እንደሚስቀው ነው፣ ፍቅር አለበት። ማዳም ቤት ግን የወጥ ቤት ካላንደሬ ላይ ያሉትን ንጉሥ እንግዳ ቢስቅባቸው እኔ አብሬ አልስቅም። ያኔ ክብራቸውን እጠብቃለሁ። ይህ ሁለት ፊት መሆን አይደለም፣ ሳቅ ከማን አፍ እንደሚወጣና ማን ላይ እንደሚወርድ ማወቅ ነው።

አሁን ወደኛ ፎቶ ልምጣ፣ ዋናው ጉዳዬም እሱ ነው። የምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ቤድሮስ ቦያጂያን የሚባል አርመን ነበር፣ ልጆቹም በጃንሆይ ዘመን ሥራውን ቀጥለዋል። እኛም ቡርጅ ሃሙድ፣ አርመኖች ሰፈር፣ በእሁድ ልብሳችን ፎቶ እንነሳለን። መነጽር ከጓደኛ፣ ቦርሳ ከሌላዋ፣ ከኋላ ባሕር ወይም የሰው መኪና። ይህ ኃጢአት ነው አልልም። ሳምንቱን ሙሉ ጎንበስ ስትል የከረመች ልጅ አንድ ቀን ቀና ብላ መታየት ትፈልጋለች። ጃንሆይም በካባው «እኔም አለሁ» ነው ያሉት።

ነገር ግን ያ ፎቶ ሀገር ቤት ሲደርስ የሚያየው ማነው? እናት ግድግዳ ላይ ትሰቅለዋለች። ከሥሩ 10ኛ ክፍል ያለች ታናሽ እህት ቁጭ ብላ ታየዋለች። እኛ በነገሥታቱ ፎቶ ስንስቅ ያየነውን ክፍተት እሷ የምታይበት ዓይን የላትም። ለሷ መነጽሩም ባሕሩም የኛ ነው። በዚያ ፎቶ ተነሳስታ ነገ ፓስፖርት ልታወጣ ትሄዳለች፣ ደላላውም ከዚያ የተሻለ ማስታወቂያ አያገኝም። ንጉሡ በካባው ጠላት አስፈራራበት፣ የኛ ካባ ግን የሚያታልለው የገዛ እህታችንን ነው።

ፎቶ አንነሳ አልልም። የምለው፣ ታናናሾቻችንን ፎቶ ማንበብ እናስተምራቸው ነው። ስልክ ስንደውል «ያ ሶፋ የማን ይመስልሻል? መጥረጊያውስ የት ያለ ይመስልሻል?» ብለን እናስቃቸው። ከዘነጠው ፎቶ ጋር አንድ በሽርጥ፣ እጅጌ ተጠቅልሎ፣ ጥርስ የሚታይበት ፎቶ አብረን እንላክ። መጀመሪያ እናት ትደነግጥ ይሆናል። ያቺ ታናሽ እህት ግን ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጋ ታያለች፣ መምጣት አለመምጣቷንም በዓይኗ አይታ ትወስናለች።

ቸር ይግጠመን።

እህታችሁ፣ ከዶራ