ፈረሱን ስለ ሸጠ አባት

ሰው የወደደውንና በገዛ እጁ ያሳመረውን ንብረት ስለ ቤተ ሰቡ ችግር ሲሸጥ፥ ክብሩ ይጎድልበታልን ወይስ ይጨመርለታል? ይህ ጥያቄ ለሚሰማው ቀላል ይመስላል፤ ለደረሰበት ግን ከባድ ነው።

በአዊ አገር ፈረስ ያርሳል፥ ይጫናል፥ ሙሽራም ያጅባል። ከሥራው ፈረስ ሌላ ግን ለክብር የሚያዝ ፈረስ አለ። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር፥ በ1888 ዓ.ም. በዐድዋ የተጋደሉትን ፈረሰኞች እያሰበ፥ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ በዓሉን ያከብራል። በዚያ ቀን ባለፈረሱ ኮርቻውን፥ ግላሱንና ልጓሙን አሳምሮ ለጉግስና ለግልቢያ ወደ ሜዳው ይወጣል። ፈረሱን ለዚህ ለማብቃት ብዙ ገብስ፥ ብዙ ገንዘብ፥ ከሁሉም በላይ ብዙ ጊዜ ያስፈልጋል።

አንድ የማውቀው ሰው እንዲህ ያለ ፈረስ ነበረው። ሚስቱ ታማ ለሕክምና ወደ ባሕር ዳር መሄድ ባስፈለጋት ጊዜ፥ ልጁም ትምህርቱን ሊያቋርጥ በተቃረበ ጊዜ፥ ፈረሱን ከነጌጡ ሸጠ። ከዚህም በኋላ ሁለት ዓይነት ሰዎች ወደ እርሱ መጡ። ፊተኞቹ፦ ፈረስ ከንቱ ጌጥ ነው፤ እንኳን ተገላገልህ፤ አሉት። ኋለኞቹም፦ አባቶቻችን በፈረሳቸው ስም ይጠሩ ነበር፤ ፈረሱን የሸጠ ስሙን ሸጠ፤ አሉት። እርሱም የማንኛቸው ነገር እውነት እንደ ሆነ ጠየቀኝ። እኔ ግን ሁለቱም ተሳስተዋል እላለሁ።

ፈረሱ ከንቱ ከሆነ፥ ሰውየው ለቤተ ሰቡ የሰጠው ምንድር ነው? ከንቱውን የጣለ ሰው ቤቱን ጠረገ ይባላል እንጂ ሰጠ አይባልም። በመቅደስ ሁለት ናስ ያገባችው መበለት የተመሰገነችው ገንዘቡ ስለማያስፈልጋት አይደለም፤ የምትኖርበት እርሱ ስለ ነበረ ነው። እንግዲህ ሽያጩ መሥዋዕት የሆነው ፈረሱ የተወደደ ስለ ነበረ ነው፤ ስለ ፈረሱ ማዘኑም ኃጢአት አይደለም።

ኋለኞቹም ስምን ከእንስሳው ጋር አንድ አድርገው ቈጠሩት። የዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፥ የዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፥ የደጃዝማች ባልቻም አባ ነፍሶ ከሞቱ ብዙ ዘመን ሆኗል፤ ስማቸው ግን ዛሬም ይጠራል። ስሙን ያጸናው የፈረሱ ዕድሜ ሳይሆን የጌታው ሥራ ነው። ሐዋርያው ጳውሎስም ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ የቤተ ሰቡን ነገር ችላ የሚል ሰው ከማያምን እንደሚከፋ ያስተምራል። ታዲያ ሚስቱ በሕመም ስትጨነቅ ፈረስ ያስጌጠ ሰው፥ በሜዳው ላይ በምን ስም ይጠራል?

የከተማው ወጣት ፈተናም ከዚህ አይለይም። ሞተሩን አጠንክሮ፥ ጎማውንና ድምፁን ለውጦ፥ ለፍጥነት ያሰናዳውን መኪና ልጅ ሲወለድለትና የቤት ኪራይ ሲከብደው ይሸጠዋል። እርሱም ባለፈረሱም አንድ ነገር ይማራሉ፤ ይኸውም ለማሳመር የወጣው ገንዘብና ድካም በገበያ ዋጋ ተመልሶ የማይገኝ መሆኑ ነው። ገዢ የሚከፍለው ለዕቃው ነው፤ ለፍቅሩ አይከፍልም። ሻጭም ይህን ጉድለት በሐሰት ሊሞላው አይገባም። የፈረሱን ድንጉጥነት፥ በመኪናውም ላይ የለወጠውን ሁሉ ለገዢው ይንገር፤ የራሱን ልጆች ለማዳን ሲል የሌላውን ልጆች ለአደጋ አይስጥ።

ከሁሉ የሚከፋው ፈተና ግን ከሽያጩ በኋላ የሚመጣው ነው። አባት በተቈጣ ቍጥር ልጁን፦ አንተን ለማስተማር ፈረሴን ሸጥሁ፤ የሚለው ከሆነ፥ ስጦታው ብድር ሆነ፤ ልጁም ከፍሎ የማይጨርሰው ባለዕዳ ሆነ። እንዲህ ያለ ሰው ፈረሱን ለገዢው አስረክቦ ልጓሙን በልጁ አፍ ላይ አግብቶታል። የሸጠ ሰው ፈጽሞ ይሽጥ፤ ሒሳቡን በልቡ አይያዝ።

ቤተ ሰቡም በበኩሉ ግዴታ አለበት። ሦስቱ ኃያላን በጠላት ሰፈር መካከል አልፈው ከቤተ ልሔም ጕድጓድ ውኃ ባመጡለት ጊዜ፥ ዳዊት ውኃው የሰዎቹን ነፍስ ያህል ዋጋ እንደ ተከፈለበት አስቦ ሳይጠጣ ለእግዚአብሔር አፈሰሰው። ሚስትና ልጆች ግን የመጣላቸውን ይጠጡ፤ ስለ እነርሱ መጥቷልና። ነገር ግን ዋጋውን ይወቁ፤ ፈረስ ብቻ ነው፥ መኪና ብቻ ነው፥ አይበሉ።

ያ ወዳጄ ባለፈው ጥር 23 ቀን ከሜዳው ዳር በእግሩ ቆሞ አየሁት። ሚስቱ ድና ከጎኑ ቆማለች። ፈረሰኞቹ ሲያልፉ ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ ልጁም አይቶ ምንም ሳይናገር እጁን ያዘው። አባቱም ስለ ፈረሱ አንዲት ቃል አልተናገረም። ጥያቄውን ከእኔ ይልቅ እርሱ መልሶታል።

እግዚአብሔር ሰጥቶ የማይቈጥር ልብ፥ ተቀብሎም የማይረሳ ልቡና ያድለን። አሜን።