የማያውቁት ጥፋት ዕዳ ይሆናል ወይ?

ባለፈው ወር መብራት በጠፋ አንድ ማታ በመኝታ ክፍላችን ክርክር ተነሣ። «ሰው ሳያውቅ ላጠፋው ጥፋት ይጠየቃል ወይ?» የሚል ነበር። የሕግ ተማሪው ጓደኛችን «ሐሳብ ከሌለ ጥፋት የለም» ብሎ ነገሩን ዘጋው፤ የቀሩትም ወዲያው ወደ ኳስ ወሬ ተሻገሩ። እኔ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። የከለከለችኝ አንዲት ቡችላ ናት።

ከአራት ዓመት በፊት ነው። ዲንሾ ያለው አጎቴ «ጅብ በጎቼን ፈጀብኝ፤ ከከተማ ስትመጣ ውሻ ያዝልኝ» ይለኛል። እኔም ከአዳማ፣ ከሰፈራችን ሥጋ ቤት ጀርባ ከምትውል ባለቤት አልባ ውሻ አንዲት ቡችላ ወስጄ በካርቶን ከተትኋት። አሰላን፣ በቆጂን፣ ዶዶላን እያለፍን ሄድን። መንገድ ላይ ስታላዝን ረዳቱ ተቆጣኝ፤ ዳቦ እየቆረስኩ አባበልኋት። አጎቴ በደስታ መረቀኝ። ክትባት የሚባል ነገር በሐሳቤ ውልም አላለ።

ወገኖቼ፣ ዲንሾ ማለት የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ደጃፍ ነው። ከዚያ በላይ በዌብ ሸለቆና በሳነቲ አምባ ቀይ ቀበሮ ይኖራል። ይህ አውሬ ከኢትዮጵያ በቀር በምድር ላይ የትም የለም፤ አዋቂዎቹ ሁሉ ተቆጥረው ከአምስት መቶ ብዙም አያልፉም፤ ከእነርሱም ከግማሽ በላዩ ባሌ ነው ያለው። ኦሮሞዎች «ጄዳላ ፈርዳ»፣ የፈረስ ቀበሮ እንደ ማለት፣ ይሉታል። ምግቡ ፍልፈልና አይጥ ነው። አደኑን ለየብቻ ቢወጣም ኑሮው በመንጋ ነው፤ ጧትና ማታ ተሰብስበው ይላላሳሉ፣ አብረው ወሰናቸውን ይዞራሉ፣ የአንዷን ግልገሎች ሁሉም ያሳድጋሉ። እንግዲህ አስቡት፤ የእብድ ውሻ በሽታ አንዱን ከያዘው በዚሁ ፍቅራቸው በኩል ነው ቤተሰቡን የሚጨርሰው።

ደግሞም ጨርሷል። እ.ኤ.አ. በ1991 እና በ1992 ብዙ ቀበሮ አለቀ። በ2003 እንደገና ገባና በዌብ ሸለቆ ከነበሩት ከአራቱ ሦስቱ ያህሉ ጠፉ። በ2008 ተመለሰ፤ በ2010 ደግሞ ዲስቴምፐር የተባለው ሌላው የውሻ በሽታ ተከተለ። ምንጩ ውሻ ነው። ከብት ወደ ሆራና ወደ ደጋ ግጦሽ ሲነዳ ውሻውም ይከተላል፤ ቀበሮው ካለበት ሜዳ ያድራል።

አንድ ነገር በጣም ገረመኝ። የባሌ ቀበሮዎች በሦስት ትልልቅ ቦታዎች ተከፋፍለው ሲኖሩ፣ የሚያገናኟቸው ጠባብ መተላለፊያዎች አሉ። ሴቷ ሁለት ዓመት ሲሆናት ባል ፍለጋ የምትወጣው በእነዚህ በኩል ነው። መተላለፊያው ቢዘጋ ዘመድ ከዘመድ እየተዋለደ ዘሩ ይደክማል፤ ክፍት ከሆነ ደግሞ በሽታውም በዚያው ያልፋል። መዳኛውና መጥፊያው አንድ በር! በ2003 መንግሥት ፈቅዶ ቀበሮዎቹ እየተያዙ ሲከተቡ ትኩረቱ በእነዚሁ መተላለፊያዎች ላይ ሆነ፤ ሁሉን መከተብ ሳያስፈልግ ወረርሽኙ ወደ ቀሩት ስፍራዎች በስፋት ሳይዘልቅ ቆመ። ጥናቱ በ2006 ኔቸር መጽሔት ላይ ወጥቷል። እኔ የአዳማ ልጅ ስለሆንኩ ይህ ይገባኛል። ከተማችን ራሷ መተላለፊያ ናት፤ የጂቡቲ መኪና፣ የአርሲና የባሌ መንገድ፣ የአዋሽ ሸቀጥ በእርሷ ያልፋል። «በሽታ እንዳይመጣ መንገዱን ዝጉ» ብትሏት በረሃብ ትሞታለች።

ይህን ለጓደኞቼ ሳጫውት አንዱ «አውሬን መከተብ ምን የሚሉት ነው? ተፈጥሮ የራሷን ሥራ ትሥራ» አለ። ቀላል ሐሳብ አይደለም፤ የሙያው ሰዎችም ዱር የሚኖረውን ነክቶ መከተብ ይጎዳዋል ወይ ብለው ብዙ ተከራክረውበታል። ነገር ግን «ተፈጥሮ» የምንለው የትኛውን ነው? በአያቶቻችን ዘመን፣ በ1880 ዓ.ም. ግድም፣ የከብት ደስታ በሽታ በምጽዋ በኩል ለኢጣልያ ጦር በመጡ ከብቶች ገባ ይባላል። (ስሙን «ደስታ» ያለው ማን ይሆን?) የአገሩን ከብት ጨርሶ ክፉ ቀን የምንለውን ረሃብ አመጣ፤ ከዚያም እስከ አፍሪካ ደቡብ ጫፍ ወርዶ ጎሹንና አጋዘኑን ፈጀ። ያ በሬ በመርከብ የመጣ ነው እንጂ ተፈጥሮ አላመጣውም። በሽታው ከምድር ጠፋ ተብሎ የታወጀው በ2011 ነው፤ ያንንም ያደረገው የሰው ክትባት ነው። በእጃችን ያስገባነውን ካስገባን በኋላ «እጃችንን እናንሣ» ማለት ለእኔ ትሕትና አይመስለኝም።

ታዲያ ጥፋተኛው አጎቴ ነው? አይደለም። እርሱ ጅብ አለበት። ገብሱ ዓመት ዓመት ወደ ላይ የሚወጣው ታችኛው መሬት ስላልበቃ ነው፤ እርሻው በወጣ ቁጥር ቀበሮው ይጠባል፣ ከውሻው ጋርም ይቀራረባል። ከተማ ተቀምጦ ባላገርን መውቀስ የእኛ የተማሪዎች በሽታ ነው፤ ለእርሱ ክትባት አልተገኘለትም። የሕግ ተማሪው ወዳጄም በፍርድ ቤት ቋንቋ ልክ ነው፤ ማንም እኔን አይከሰኝም። ግን ክስና ዕዳ አንድ ናቸውን? የሰው ማሳ ውስጥ በሬዬ ሳላውቅ ቢገባ ባለማሳው ሌባ አይለኝም፤ እህሉ ግን ተበልቷል፤ ሽማግሌም ካሣ ያስከፍለኛል። ካወቅሁ በኋላ ዝም ብል ደግሞ «አላውቅም ነበር» የምለው ቃል ከዚያ ቀን ወዲህ አይሠራልኝም።

ባለፈው እሑድ ለአጎቴ ደወልኩ። «ያቺ ውሻ እንዴት ናት?»

«ኧረ እሷ ቆየች! ከብት ተከትላ ወጥታ ቀረች።»

«ወዴት በኩል?»

«ወደ ዌብ ነበር። ምነው?»

«ታማ ነበር እንዴ?»

ትንሽ ዝም አለና «እኔ እንጃ ልጄ፣ ውሻን ማን ያያል» አለኝ። አሁን ስላሉት ሁለት ውሾች ጠየቅሁት፤ ከታቢዎች መጥተው አንዱን ወግተውታል፤ ሌላው ሮጦ አመለጠ አሉ። በሚቀጥለው ዙር አስሮ እንዲያቆየው ለመንሁት፤ ሳቀብኝና እሺ አለኝ።

የሥጋ ቤቷ እናት ውሻ ዛሬም አለች፤ ዘንድሮም ወልዳለች። ክትባት ላስወጋት ሁለት ጊዜ በአጥንት ሞከርኩ፤ አጥንቱን ይዛ ሄደች። ገመድ ያለው ሰው ካለ ቅዳሜ ጧት አብሮኝ ይምጣ።