በራስ ላይ የተጻፈ ደብዳቤ

ባለፈው የጾም ወራት በማኅበራችን አንድ ትንሽ ጠብ ተነሥቶ ነበር። ለነዳያን ከምንሰበስበው ገንዘብ ወጪ ሲደረግ ሁለት ሰው ይፈርምበት የሚል ሐሳብ ከአንድ አባላችን ቀረበ። ገንዘብ ያዣችን ስድስት ዓመት ሙሉ አንዲት ሳንቲም ያላጎደለ፥ ይልቁንም ሲጎድል ከኪሱ የሚሞላ ሰው ነውና ይህን ሲሰማ ፊቱ ተለወጠ። «ካልታመንሁ ቁልፉን ውሰዱት» አለ። እኛም ለሁለት ተከፈልን። ግማሾቻችን ደግ ሰውን በወረቀት ማሰር ፍቅርን ማጉደል ነው ስንል፥ ግማሾቻችን ነገሩ ስለ እርሱ ሳይሆን ከእርሱ በኋላ ስለሚመጣው ነው አልን። ክርክሩ ሲጋጋል ከመካከላችን አንዲት እኅት፥ የጥንት ገዳማትን ታሪክ ስታነብ ያገኘችውን የአርል ደናግል ነገር አነሣችልን። ከዚያ ወዲህ ከሐሳባችን ስላልወጣ ለእናንተም ልናካፍላችሁ ወደድን።

አርል በዛሬዋ ደቡብ ፈረንሳይ በሮን ወንዝ ዳር ያለች ከተማ ናት። ከ502 እስከ 542 ድረስ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር እንጽፋለን) ኤጲስ ቆጶስዋ ቄሳርዮስ ነበረ። ከከተማዋ ቅጥር ውጭ ለደናግል ገዳም ማሠራት ጀምሮ ሳለ፥ በ507 እና በ508 ከተማዋ በጦር ስትከበብ ሕንፃው ፈረሰ። እርሱም ተስፋ ሳይቆርጥ በቅጥሩ ውስጥ እንደገና አሠራው። በ512 ቅዳሴ ቤቱ ተከበረ፤ እመ ምኔት ሆና የተሾመችውም የገዛ እኅቱ ቄሳርያ ነበረች።

ለመሆኑ ለእንዲህ ያለ ገዳም የሚያሠጋው ጦረኛ ብቻ ነበርን? አልነበረም። በ451 የተደረገው የኬልቄዶን ጉባኤ መነኮሳትን በየከተማው ላለው ኤጲስ ቆጶስ እንዲገዙ አዝዞ ነበር። (የጉባኤው የሃይማኖት ነገር ሌላ ነው፤ እዚህ የምናነሣው የአስተዳደር ሕጉን ብቻ ነው።) የወንዶች ገዳም ቢቸግረው ከራሱ መነኮሳት አንዱን ቅስና ያስሾማል። ሴቶቹ ግን ለቅዳሴውም ለቁርባኑም ከውጭ የሚመጣ ካህን መጠበቅ ነበረባቸው፤ ካህኑም የኤጲስ ቆጶሱ ነው። እንግዲህ በገዳሙ ርስት ላይ ዓይኑን የጣለ ኤጲስ ቆጶስ ቢነሣ ሰይፍ መምዘዝ አያስፈልገውም፤ ካህኑን ቢያስቀርባቸው ይበቃል።

ቄሳርዮስ ይህን ያውቅ ነበር፤ ሥልጣኑ በእጁ ነውና። ስለዚህ ለሮም ሊቀ ጳጳሳት ለሆርሚስዳስ (514-523) ጻፈ። ከእርሱ በኋላ በአርል መንበር የሚቀመጥ ማንም ኤጲስ ቆጶስ በገዳሙ ላይ ሥልጣን እንዳይኖረው፥ ለገዳሙ የሰጠውም ንብረት እንዳይነካ ለመነ። ሆርሚስዳስም ፈቀደለት፤ ለኤጲስ ቆጶሱ የቀረለት እንደ እረኛ በተገቢው ጊዜ መጥቶ መጎብኘት ብቻ ሆነ። ነገር ግን ንብረቱ የተገኘው የቤተ ክርስቲያን መሬት ተሸጦ ስለ ነበር፥ ሽያጩን ቢያጸናለትም እንዲህ ያለው ነገር ልማድ እንዳይሆን አያይዞ አሳሰበው። ይህን መደበቅ አይገባንም። ያ መሬት የድኾችም ድርሻ ነበረና፥ የአንዱን ቤት ለማጽናት ከሌላው መጉደሉ አልቀረም።

ልብ በሉ! ሥልጣኑ እንዲቀነስ የለመነው ባለሥልጣኑ ራሱ ነው። እኅቱን ስለሚጠላ አይደለም፤ ደቀ መዛሙርቱ ክፉዎች ናቸው ብሎም አልከሰሰም። እርሱ የሚወዳቸው እስከ ዕለተ ሞቱ ብቻ እንደሆነ፥ መንበሩ ግን ሳይሞት እንደሚቀር ስላወቀ ነው። እኛ «ደግ ሰውን በወረቀት ማሰር» ብለን ስንከራከር ወረቀቱን ራሱ ደጉ ሰው ይጠይቃል ብለን አላሰብንም ነበር።

ከዚህ በኋላ ወደ ሰማንያ ዓመት ያህል ቆይቶ፥ ከአርል ብዙ በማትርቀው በማርሴይ ሌላ ደብዳቤ እናገኛለን። በ596 ታላቁ ጎርጎርዮስ በቅዱስ ካስያን ስም ለተሠራው ገዳም እመ ምኔት ለረስፔክታ የጻፈው ነው። እመ ምኔት ስታርፍ ማኅበሩ ከራሱ መካከል ይምረጥ እንጂ ከውጭ አይሾምበት ይላል። ኤጲስ ቆጶሱም ሆነ ሌላ የቤተ ክርስቲያን ሰው በገዳሙ ንብረት እጁን አያግባ ይላል። እኛን ከሁሉ ያስገረመን ግን የመንበሩ ነገር ነው። ኤጲስ ቆጶሱ በገዳሙ በዓል ቀን መጥቶ ይቀድሳል፤ መንበሩም ያን ጊዜ ይዘረጋለታል። ሲሄድ ግን መንበሩ ይነሣል! በሌላው ቀን የሚቀድሰው እርሱ የመደበው ቄስ ነው። አንድ ወንበር ቢቀመጥ ምን ይጎዳል የሚል ይኖራል። ባለቤቱ ሳይኖር የተቀመጠ ወንበር ግን ውሎ አድሮ ቤቱን የእርሱ ያደርገዋል፤ በየሰፈራችን የምናየው ነው። ሆኖም ጎርጎርዮስ ኤጲስ ቆጶሱን ፈጽሞ አላስወጣውም፤ የደናግሉን አኗኗር እንዲጠብቅ፥ ያጠፋችም ብትኖር በቀኖናው እንዲቀጣ ኃላፊነቱን ትቶለታል።

እዚህ ላይ እኅቶቻችን ዝም አላሉም። «ይህ ነጻነት ከሆነ በሩ ለምን ተዘጋ?» ብለው ጠየቁ። እውነት ነው፤ ቄሳርዮስ በጻፈው ሥርዓት የአርል ደናግል ከገቡ በኋላ እስኪሞቱ ድረስ አይወጡም። ከኤጲስ ቆጶሱ እጅ ወጥተው በቅጥር ውስጥ ቀሩ። ገሚሶቻችን በዚያ የጦርነት ዘመን ቅጥሩ መጠጊያ ነበር ብለን መለስን፤ እነርሱ አልተቀበሉንም፤ እኛም አላሸነፍናቸውም። ነገር ግን በዚያው ሥርዓት ውስጥ ሁላቸው ፊደል እንዲማሩ፥ ጠዋት ጠዋትም እንዲያነቡ ታዝዟል። ከዚህም በላይ፥ እመ ምኔቷ ራሷ ሥርዓቱን ልታላላ ወይም ገዳሙን በኤጲስ ቆጶሱ እጅ ልታደርግ ብትፈልግ በአክብሮት እንዲቃወሟት ፈቅዶላቸዋል። ደብዳቤው የተጻፈው ለሳጥን ብቻ አልነበረም፤ አንብበው እምቢ ለሚሉ ሰዎች ነበር።

ወረቀቱ ሁልጊዜ ጠበቃቸው እንዳንል ደግሞ የሩስቲኩላ ታሪክ አለ። በሰባተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የአርል እመ ምኔት ሳለች የንጉሥ ክሎታርን ተቀናቃኝ በስውር ትረዳለች ተብላ ተከሰሰች፤ ከከሳሾቿም አንዱ ኤጲስ ቆጶስ ነበረ። ሥርዓቱን አፍርሼ ከምወጣ ብሞት ይሻለኛል ብትልም የንጉሡ ሰዎች በግድ አውጥተው ወሰዷት። ሮም ሩቅ ነበረች። በኋላ ንጽሕናዋ ታውቆ በክብር ወደ ገዳሟ ተመለሰች፤ በ632 ያረፈችውም በዚያው ነው። በንጉሡ ፊት የተሟገተላት ሌላ ኤጲስ ቆጶስ መሆኑን ስናነብ ደግሞ፥ ወረቀት ብቻ ይበቃል ስንል የነበርነው በተራችን ዝም አልን።

የእኛ ጉዳይ በቃለ ጉባኤ ተወስኖ ሣጥኑ አሁን ሁለት ቁልፍ አለው። ገንዘብ ያዣችን ሥራውን አልተወም፤ አንደኛው ቁልፍ በእርሱ ዘንድ ነው። ሐሳቡን ካቀረበው ወንድማችን ጋር ግን እስከ ዛሬ ሰላምታ ብቻ ነው የሚለዋወጡት።