ስለ ተሰበረው ድንጋይ

ወጣት አንባቢዬ ሆይ፤ ሞቶ ስሙ የጠፋ፥ ቋንቋው እንኳ የተረሳ ሰው የሠራውን ብናፈርስ ማንን በደልን ይባላል? ይህ ጥያቄ ለብዙ ዘመን በልቤ ነበረ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ልጄን ልጠይቅ ወደ እንግሊዝ አገር በሄድሁ ጊዜ ኤቭበሪ በምትባል መንደር እንደ ገና ተነሣብኝ።

ኤቭበሪ በዊልትሸር አውራጃ ናት። ከዛሬ 4,500 ዓመት ገደማ በፊት የዚያ አገር ሰዎች ብረት ሳያውቁ፥ የአጋዘን ቀንድ እንደ ዶማ ይዘው፥ ወደ 9 ሜትር የሚጠልቅ ቦይ በነጩ የኖራ ድንጋይ ላይ በክብ ቆፈሩ፤ በውስጡም አንድ መቶ የሚያህሉ ታላላቅ ድንጋዮች ዙሪያውን አቆሙ። ከዳር እስከ ዳር 330 ሜትር ያህል ነው፤ በዓለም ካሉት የድንጋይ ክቦች ይህን የሚያህል የለም። ጽሕፈት አልነበራቸውምና ለምን እንዳቆሙት አልነገሩንም። አሁን በጎች በመካከሉ ይግጣሉ፤ ጀርባቸውንም በድንጋዮቹ ያካሉ። ከመንደሩ በስተ ደቡብ ሲልበሪ የሚባለው፥ በሰው እጅ የተከመረው ኮረብታ ይታያል።

እኔን ግን ይልቁን የያዙኝ የጎደሉት ናቸው። በ17ኛውና በ18ኛው መቶ ዓመት የመንደሩ ሰዎች ለቤትና ለእርሻ ሲሉ ድንጋዮቹን ይሰብሩ ነበር። ጉድጓድ ምሰው ገለባ ይሞሉና ድንጋዩን በላዩ ገልብጠው ያነዱታል፤ በጋለ ጊዜ ቀዝቃዛ ውሃ አፍስሰው በመዶሻ ይመቱታል። ስብርባሪው እስከ ዛሬ በቤቶቹ ግድግዳ ውስጥ አለ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1930ዎቹ አሌግዛንደር ኪለር የሚባል፥ ቤተሰቡ በማርማላታ ንግድ የበለጸገ ሰው፥ ተቀብረው የነበሩትን አስቆፍሮ አቆመ፤ ፈጽሞ በጠፉት ስፍራ የሲሚንቶ ምልክት አኖረ።

ልጄ «እንዴት ያሉ አረመኔዎች ናቸው!» አለች። እኔ ዝም አልሁ።

በ1977 ዓ.ም. በጉራጌ አገር በሶዶ መምህር ነበርሁ። በዚያ አገር እንደ ጢያዎቹ ሰይፍ የተቀረጸባቸው የጥንት ድንጋዮች ብዙ ናቸው። የአንድ ክፍል ግድግዳ ቢፈርስብን በማሳ ውስጥ የወደቀውን አንዱን ለመሠረት እንዲሰብሩት ተማሪዎቼን አዘዝሁ። አንድ ሽማግሌ መጥተው ከለከሉኝ። «አባቴ፥ ባለቤት የሌለው ድንጋይ ለሕፃናት ቢውል ምን ኀጢአት አለበት?» አልኋቸው። «ባለቤት የለውም ያለህ ማን ነው? አንተ አላወቅኸውም እንጂ» አሉኝ።

ድንጋዩ ተሰበረ፤ ክፍሉ ተሠራ፤ ልጆቹም ከዝናብ ተጠለሉ። ይህን ክፉ ሥራ ነው ልል አልችልም፤ የኤቭበሪውንም ገበሬ ቤት ስለ ሠራ አልኰንነውም። ሙት አይጐዳም የሚሉም አሉ። ይሁን እንጂ ከወንዙ ዳር ሌላ ድንጋይ ሞልቶ ነበር፤ የግማሽ ሰዓት መንገድ ነው። ያን ቀን ያስቸኰለኝ ችግር አልነበረም፤ የሚከራከረኝ ባለቤት አለመኖሩ ነው። ባለቤቱ በሕይወት ቢኖርማ ወደ ወንዙ በወረድሁ! ሕያው የበደልሁትን ይቅርታ እለምናለሁ፤ ይህን ግን ከማን ልለምን?

ከአንዱ የሲሚንቶ ምልክት አጠገብ ቆመን ይህን ሁሉ ለልጄ ነገርኋት። ጥቂት ዝም ብላ «አባባ፥ ቦታውን ያስታውሱታል?» አለችኝ።

«አዎን» አልኋት፤ «ከበሩ በስተ ቀኝ ሁለተኛው የመሠረት ድንጋይ ነው። የሰይፉ ጫፍ ወደ ውጭ ይታያል።»