ባላገርና ባለፈቃድ

በአማርኛ «ፈቃድ» የሚለው ቃል ሁለት ነገር ይሸከማል። አንደኛው ከመሥሪያ ቤት ማኅተም ተመትቶበት የሚወጣው ወረቀት ነው፤ ሁለተኛው የሰው ልብ የወደደው፣ አንደበቱም «ይሁን» ብሎ የተቀበለው ነገር ነው። በግእዝ ሥሩ ቃሉ የሚናገረው መውደድንና መሻትን ነው፤ ወረቀቱ ኋላ የመጣ ነው። ሁለቱ ትርጉሞች አብረው በሚሄዱበት ጊዜ ስለ ልዩነታቸው የሚጨነቅ የለም። ልዩነቱ ጎልቶ የሚወጣው ወረቀቱ በአንዱ ሰው እጅ ሲገባ፣ ይሁንታው ግን በሌላው ሰው ልብ ተቀብሮ ሲቀር ነው። ይህንንም እንደ ድንጋይ ካባ አጥርቶ የሚያሳይ ስፍራ ጥቂት ነው።

ከዳንግላ ወደ እንጅባራ የሚጓዝ ሰው እሳተ ገሞራ በሠራው አገር ላይ ይጓዛል። ጥቁሩ ድንጋይ፣ ቀዩ ገረጋንቲ፣ እንደ ተደፋ ጉልት የተቀመጡት ኮረብቶች፣ የዘንገናና የጥርባ ሐይቆች ሁሉ የዚያው የጥንት እሳት ቅሪቶች ናቸው። ለመንገድ ሠሪና ለግንበኛ ይህ አገር ጎተራ ነው። የከተሞቹ መንገድ የተነጠፈበት ጥርብ ድንጋይ፣ የሕንፃዎቹ መሠረት፣ የአስፋልቱ ጠጠር ሁሉ ከአንድ ኮረብታ ጎን ተቆርሶ የመጣ ነው። ኮረብታው ግን የድንጋይ ክምችት ብቻ አይደለም። ከብት ይሰማራበታል፤ ከግርጌው ምንጭ ይፈልቃል፤ በጫፉ ላይ ቤተ ክርስቲያን ወይም የቀብር ቦታ ሊኖር ይችላል። እንደ ውኃ እያሳሳቀ የሚወስደውም ይኸው ነው፤ በመጀመሪያው ዓመት የሚጎድለው ጥቂት ስለሚመስል የሚከራከር አይገኝም።

ከኮረብታው በታች የሚኖረው ሰው በአማርኛ «ባላገር» ይባላል። ስሙ ሲፈታ የአገር ባለቤት ማለት ነው። ከተሜው ይህን የባለቤትነት ስም ለንቀት ሲጠቀምበት መኖሩ ከቋንቋችን ታላላቅ ቀልዶች አንዱ ነው። ባላገሩ ራሱ ግን ስሙን በዋዛ አልያዘውም። በጎጃም ርስት ከአቅኚው አባት እየተቆጠረ ይወረድ ነበር፤ በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር በታወጀ ጊዜ ገበሬው ያመፀው ግብሩን በመጥላት ብቻ ሳይሆን፣ መሬቱ በገመድ ይለካል፣ ከተለካም ይነጠቃል ብሎ በመስጋቱ ነበር። የየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት አደረገው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬትና የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ካለ በኋላ፣ በአንቀጽ 43 ደግሞ ዜጎች በልማት የመሳተፍ፣ በተለይም የማኅበረሰባቸውን ሕይወት በሚነኩ ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸውን እንዲሰጡ የመጠየቅ መብት እንዳላቸው ደነገገ። በ2002 ዓ.ም. የወጣው የማዕድን አዋጅ ቁጥር 678 ለአገር ውስጥ ባለሀብት የግንባታ ማዕድን ፈቃድ የመስጠትን ሥልጣን ለክልሎች ሰጥቷል፤ ባለፈቃዱም ለአካባቢው ሕዝብ ልማት ገንዘብ እንዲመድብ ያዝዛል። ስለዚህ በሕግ በኩል ባላገሩ ፈጽሞ የተረሳ አይደለም። ጥያቄው የሚነሣው ከሕጉ ወዲያ ነው፤ መጠየቅ ማለት ምን ማለት ነው?

እዚህ ላይ የተቃራኒውን ወገን ክርክር ማቃለል አይገባም። ድንጋዩ የመላው ሕዝብ ከሆነ፣ በአንድ ኮረብታ ግርጌ መወለድ ለምን የተለየ ቃል ያሰጣል? የዳንግላ ሰው በሽተኛውን ወደ ባሕር ዳር ይዞ የሚሄድበት መንገድ ከሌላ ሰው ኮረብታ በተቆረሰ ጠጠር ተሠርቷል። ያ ሰው «አልሰጥም» ቢል ኖሮ መንገዱ አይኖርም ነበር። ከእንጅባራ ተገንጥሎ በቻግኒ በኩል ወደ ጉባ የሚወርደው መንገድ ያደረሰውም፣ አገር በሙሉ ከሌለው እየቀነሰ ገንዘብ ወዳዋጣበት ወደ ታላቁ የህዳሴ ግድብ ነው። እንዲህ ያለው ሥራ በእያንዳንዱ መንደር እንቢታ የሚቆም ቢሆን አገር አይገነባም። ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ከዚህ እውነት ተነሥቶ «እንግዲያው መጠየቅ አያስፈልግም» ማለት መዝለል ነው። እንቢ የማለት መብትና የመጠየቅ መብት አንድ አይደሉም፤ የመጀመሪያው ገደብ ቢኖረው እንኳ ሁለተኛው አይቀንስም።

ሳይጠየቁ መቅረት ምን እንደሚያስከትል ለማየት ሩቅ መሄድ አያሻም። ከ1977ቱ ድርቅ በኋላ ከአገው ምድር በስተ ምዕራብ ባለው ቆላ፣ በጣና በለስ፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሰፈሩ። በጣሊያን መንግሥት ርዳታም መንገድ ተጠረገ፣ በፓዌ ሆስፒታል ታነጸ። የተራበው ሰው መጠለያ ማግኘቱን የሚነቅፍ ልብ ያለው ሰው የለም። ይሁንና ዕቅዱ መሬቱን ያየው እንደ ባዶ መሬት ነበር፤ ጉሙዙ ግን እየመነጠረ የሚያርስበት፣ ዓመታት አሳርፎ የሚመለስበት፣ የሚያድንበት ምድር ነበር። ያረፈን መሬት ባዶ ነው ብሎ ማንበብ የመሐንዲስ ስሕተት ብቻ አይደለም፤ ሰውን ሳይጠይቁ ምድሩን መጠየቅ ነው።

በባዕድ አገርም ይህ ታይቷል። በምዕራብ አውስትራሊያ፣ ጁካን በሚባለው ገደል፣ ሰው ከ46 ሺህ ዓመት በፊት ጀምሮ የተጠለለባቸው ዋሻዎች እ.ኤ.አ. በግንቦት ወር 2020 በድማሚት ፈረሱ። ሪዮ ቲንቶ የተባለው ኩባንያ ከብረት ማዕድኑ በላይ የሚሠራበትን ወረቀት እ.ኤ.አ. በ2013 ከመንግሥት አግኝቷል። ዋሻው የአባቶቻቸው የሆነ ሰዎች ግን ይሁን አላሉም። በሕግ በኩል ጉድለት አልተገኘም፤ ቢሆንም የኩባንያው ዋና ሥራ አስኪያጅ በዚያው ዓመት ቦታውን ለመልቀቅ ተገደደ። በተቃራኒው በሰሜን ካናዳ የኢኑይት ሕዝብ እ.ኤ.አ. በ1995 ስለ ራግላን የኒኬል ማዕድን ተደራድሮ ከትርፉ ድርሻ የሚያገኝበትን ውል ተፈራረመ። በዚያ ውል የተከበረው ገንዘቡ ብቻ አይደለም፤ ውሉ የተፈረመው ምድሩ ከመቆፈሩ በፊት መሆኑ ነው።

እንግዲህ ሥራውን የአካባቢው ልጆች ራሳቸው ቢመሩትስ? በአገሪቱ ከተሞች ድንጋይ የሚፈነቅሉ፣ የሚጠርቡና መንገድ የሚያነጥፉ ወጣቶች በማኅበር ተደራጅተው መሥራታቸው መልካም ነገር ነው፤ ትርፉም እዚያው ይቀራል። በአዊ ገበሬው ማንም ሳያስገድደው አዲስ ሥራ ማቋቋም እንደሚችል በፋግታ ለኮማ ታይቷል፤ አሲድ ባጠቃው መሬቱ ላይ ዲከረንስ የተባለውን ግራር ተክሎ፣ አክስሎ እየሸጠ ኑሮውን ለውጧል። ነገር ግን ተወላጅነት ብቻውን የአክብሮት ማስረጃ ሊሆን አይችልም። ካባውን የያዘው ወጣት የመንደሩ ልጅ ቢሆንም፣ ከምንጩ ውኃ የምትቀዳው አክስቱ ያልተጠየቀች እንደ ሆነ ከእንግዳው ባለሀብት በምን ይሻላል? እንዲያውም የዘመድ በደል አፍ የሚያስይዝ ስለ ሆነ የባሰ ሊሆን ይችላል። «ማኅበረሰቡ ተስማምቷል» የሚለው ዐረፍተ ነገር በቃለ ጉባኤ ላይ ሲነበብ፣ እረኛውና አሮጊቷ ከተሰብሳቢዎቹ መካከል እንደነበሩ የሚያረጋግጥ ፊርማ አብሮት አይገኝም።

የመጠየቂያ መንገድ ግን በአዊ አዲስ ፈጠራ አይሻም። በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ ሜዳ ፈረሱን አስጊጦ፣ የዐድዋን ድል እያሰበ የሚወጣው የፈረሰኞች ማኅበር ጉግስ ብቻ የሚጫወት አይደለም፤ ሽማግሌዎቹ ጠብ ያበርዳሉ፣ ደም ያደርቃሉ። ዕድሩ አለ፣ የደብሩ ሰበካ አለ፣ በዛፍ ጥላ ሥር የሚቀመጠው ሸንጎ አለ። በዚያ የሚነገረው ቋንቋም አውንጊ ነው፤ በአማርኛ ተጽፎ በእንግሊዝኛ የተቀዳ የአካባቢ ጥናት ለሽማግሌው ቢነበብለት እንዳልተነበበለት ይቈጠራል። ሽማግሌ ደግሞ ሲጠየቅ ወዲያው አይመልስም። ያድራል፤ ሌላውን ይጠይቃል፤ ነገሩን ዞሮ ያያል። ባለፈቃዱን የሚያስቸግረው ይህ ነው፤ ማሽኑ በቀን ኪራይ ይታሰባል፣ የሽማግሌ ዝምታ ግን በቀን አይታሰብም።

ሽማግሌው ካደረ በኋላ የሚያነሣው ጥያቄ ብዙውን ጊዜ የካሳ ጥያቄ አይሆንም። ካባው ሥራውን ሲጨርስ ጉድጓዱን ማን ይደፍነዋል የሚለው ይሆናል። ክረምት ሲገባ ጉድጓዱ ውኃ ይይዛል፤ ጥጃ ይገባበታል፣ ልጅ ሊዋኝ ይወርድበታል። ሕጉ መሬቱን መልሶ ማልማት የባለፈቃዱ ግዴታ ነው ይላል። የፈቃዱ ዘመን ግን ያልቃል፤ ባለፈቃዱም ወደ ሌላ ኮረብታ ይሄዳል። ባላገሩ እዚያው ነው።