አብልቶ መግደል ይገባልን?



በሰሜን አሜሪካ፣ በብርዱ ወራት፣ በረዶ ሜዳውን ሁሉ ሸፍኖ የዱር እንስሳ የሚበላው ሲያጣ፣ አንዳንድ አዳኞች የሚጠቀሙበት አንድ ዘዴ አለ። የሞተ ጥጃ ወይም ላም ከከብት አርቢ ይቀበላሉ፤ ወይም ከሥጋ ቤት የተረፈውን አጥንትና ስብ ይሰበስባሉ፤ ይህንንም ወስደው ገላጣ ሜዳ ላይ ይከምሩታል። ከዚያም መቶ ወይም ሁለት መቶ ሜትር ያህል ርቀው፣ ነፋሱ ሽታቸውን ወደ ክምሩ በማይወስድበት በኩል፣ ተሸሽገው ጠመንጃቸውን ደግነው ይጠብቃሉ። ሌሎች ደግሞ ቁርጥራጩን ሥጋ ውሃ በሞላበት ባልዲ ጨምረው በረዶ ሆኖ እንደ ድንጋይ እስኪጠና ይተዉታል። እንዲህ የተደረገውን ሥጋ እንስሳው አንሥቶ ሊሮጥ አይችልም፤ እዚያው ቆሞ መጋጥ ይኖርበታል፤ ቆሞ ሲግጥ ደግሞ ለተኳሹ ይመቻል።

እንዲህ የሚጠበቀው እንስሳ ኮዮቴ ይባላል። ኮዮቴ የተኩላ ዘመድ ሲሆን ከተኩላ ያንሳል፤ ክብደቱም አብዛኛውን ጊዜ ከ9 እስከ 20 ኪሎ ግራም ይደርሳል። ሊቃውንት ያወጡለት የላቲን ስም ትርጓሜው «የሚጮህ ውሻ» ማለት ነው። ቀድሞ የምዕራብ አሜሪካ የሜዳና የበረሃ እንስሳ ነበር፤ ተኩላ ከብዙ ስፍራ ከጠፋ በኋላ ግን በአህጉሩ ሁሉ ተሠራጨ። ዛሬ ከከተማ ዳርም ገብቶ ስለሚኖር፣ በዴንቨርና በሲያትል አካባቢ ያሉ ወገኖቻችን በሌሊት ጩኸቱን ሳይሰሙት አይቀሩም።

እንግዲህ ጥያቄያችን ይህ ነው። የተራበን እንስሳ በምግብ ጠርቶ መግደል ተገቢ ነውን? ተገቢ ካልሆነስ ስሕተቱ ያለው ከምኑ ላይ ነው? ሁለተኛው ጥያቄ ከፊተኛው ይከብዳል። ብዙዎቻችን ገና ነገሩን እንደ ሰማን «ይህስ ነውር ነው» እንላለን፤ ነውርነቱን አስረዱ ብንባል ግን እንቸገራለን።

በአሜሪካ አገር አዘውትሮ የሚሰጠው መልስ «እንዲህ ያለው አደን ፍትሕ የለውም» የሚል ነው። ይህ ሐሳብ የቆየ ታሪክ አለው። ቴዎዶር ሩዝቬልት በ1887 (ዓመታቱ ሁሉ በኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከጓደኞቹ ጋር ቡን ኤንድ ክሮኬት የተባለውን የአዳኞች ማኅበር መሠረተ። ይህ ማኅበር ለሚታደነው እንስሳ የማምለጥ ዕድል ሊተውለት ይገባል የሚለውን ደንብ አስፋፋ። ሩዝቬልት ፕሬዚዳንት ከሆነ በኋላ በ1902 ሚሲሲፒ ውስጥ ድብ ለማደን ወጥቶ ሳለ፣ የአደኑ መሪ ሆልት ኮሊየር ውሾች ያደከሙትን አንድ ድብ በጠመንጃው መትቶ ከዛፍ ጋር አሰረና ፕሬዚዳንቱን አስጠራው። ሩዝቬልት የታሰረ እንስሳ አልተኩስም አለ። ነገሩ በጋዜጣ በሥዕል ወጣ፤ ዛሬ በዓለም ሁሉ ሕፃናት የሚታቀፉት የድብ አሻንጉሊት «ቴዲ» የሚለውን ስም ያገኘው ከዚህ ታሪክ ነው።

ነገር ግን ታሪኩ ሲነገር ብዙ ጊዜ መጨረሻው ይቀራል። ድቡ ክፉኛ ተጎድቶ ስለነበር፣ ሩዝቬልት ከሥቃዩ እንዲገላገል ሌላ ሰው ይግደለው ብሎ አዘዘ፤ በቢላዋም ተገደለ። ትእዛዙ የርኅራኄ ትእዛዝ ነበር። ሆኖም ከዚህ አንድ ነገር እናስተውላለን። የፍትሐዊ አደን ደንብ የጠበቀው የአዳኙን ክብር ነው፤ ለድቡ ያተረፈለት ነገር የለም።

በመሠረቱ ፍትሐዊ ውድድር የሚባለው ሁለቱም ወገኖች ወደው በገቡበት ጨዋታ ነው። ኮዮቴ ግን ጨዋታ ውስጥ መግባቱን አያውቅም። ከዚህም በላይ፣ ከሩቅ እየሮጠ ሳለ የተተኮሰበት እንስሳ ብዙ ጊዜ ቆስሎ ያመልጥና ከጫካ ውስጥ ሲማቅቅ ይሞታል። ከሥጋው ክምር ላይ ቆሞ የሚግጠው ግን በአንድ ጥይት ሊወድቅ ይችላል። እንግዲህ መመዘኛችን የእንስሳው ሥቃይ ከሆነ፣ የማባበያው ሥጋ ከ«ፍትሐዊው» አደን ይልቅ የሚራራበት ጊዜ አለ ማለት ነው። ይህን ሳንሸሽግ መቀበል ይገባናል።

ሌሎች ደግሞ «ስሕተቱ ማታለሉ ነው» ይላሉ። ይህም ቢሆን ብዙ አያስኬድም። ዓሣ አጥማጅ በመንጠቆው ላይ ትል ይሰካል። ያለ ማባበያ የሚያድነውም አዳኝ ቢሆን የቅጠል መልክ ያለው ልብስ ይለብሳል፤ የምትጨነቅ ጥንቸል ድምፅ የሚመስል መጥሪያም ይነፋል። ማታለል ሁሉ ኃጢአት ቢሆን ኖሮ ከእነዚህ ማን ይጸድቅ ነበር?

እርግጥ ነው፣ ምግብ ከድምፅና ከልብስ ይለያል። በእኛ ዘንድ ያበሉትን መክዳት ከክፋት ሁሉ የከፋ ነው። በሐረር ከተማ ማታ ማታ ለጅብ ሥጋ የሚያጎርሱትን ሰዎች ያየም ሰው፣ ምግብ በሰውና በአውሬ መካከል እንኳ ሰላም ሊያወርድ እንደሚችል ያውቃል። ስለዚህ በተቃራኒው አብልቶ መግደል ልባችንን ቅር ማሰኘቱ አያስደንቅም። ይሁን እንጂ የልብ ቅሬታ ጥያቄውን ያስነሣልናል እንጂ አይመልስልንም። ከፍርድ ለመድረስ ሦስት ነገሮችን ለይተን መመርመር ያስፈልገናል፤ እንስሳው እንዴት ይሞታል? የሚሞተው የትኛው ነው? ለምንስ ይሞታል?

የፊተኛውን አይተናል። በዚህ በኩል የማባበያው አዳኝ ጥሩ ተኳሽ እስከሆነ ድረስ የሚወቀስበት ነገር የለም።

ሁለተኛውን እንመልከት። ሥጋ የሚጠራው የተራበውን ሁሉ ነው እንጂ በግ የነጠቀውን ለይቶ አይጠራም። አዶልፍ ሙሪ የተባለ ተመራማሪ በየሎስቶን ፓርክ ያጠናውን በ1940 ሲያሳትም፣ የኮዮቴ ምግብ በአብዛኛው አይጥን የመሰሉ ትንንሽ እንስሳትና የሞተ እንስሳ ሥጋ መሆኑን አሳይቷል። ደግሞም በሰሜን ካሊፎርኒያ በ1990ዎቹ የተደረጉ ጥናቶች እንደሚያስረዱት፣ በግ የሚገድሉት በተለይ በጎቹ በሚሰማሩበት ቦታ የሰፈሩ፣ ግልገሎቻቸውን የሚመግቡ ጥንዶች ናቸው እንጂ ማንኛውም አላፊ አግዳሚ ኮዮቴ አይደለም። እንግዲህ በጥር ወር ሬሳ ሊበላ የመጣው፣ በሚያዝያ የበግ ግልገል የሚነጥቀው ነው ለማለት ምን ማስረጃ አለን? የሞተ መብላትማ ጥፋት አይደለም፤ እንዲያውም ምድርን ማጽዳት ነው።

ከዚህም ጋር ክምሩ ያልተጠበቀ እንግዳ ይጠራል። ንስር፣ ቁራ፣ ቀበሮ፣ የጎረቤትም ውሻ ይመጣል። ከብቱ በማደንዘዣ መድኃኒት እንዲሞት ተደርጎ ከሆነ መድኃኒቱ በሥጋው ውስጥ ይቀራል፤ በዚህም የተነሣ ንስሮች ሞተዋል። በእርሳስ ጥይት ከተገደለ እንስሳ ሬሳ ላይ የሚበሉ አሞሮችም በእርሳሱ ይመረዛሉ። በእኛም አህጉር በምሥራቅ አፍሪካ ለጅብና ለአንበሳ ተብሎ የተመረዘ ሬሳ ጥንብ አንሣዎችን መፍጀቱ የታወቀ ነው። የጥይቱ ማባበያ ከመርዙ እጅግ ይሻላል፤ ተኳሹ ዐይን አለውና። ሬሳው ግን ራሱ ዐይን የለውም፤ የቀረበውን ሁሉ ይቀበላል። ደግሞም ለከብት አርቢዎች ዘወትር የሚሰጠው ምክር «የሞተውን ቅበሩ፤ አውሬ ሽታውን ተከትሎ ወደ መንጋችሁ እንዳይመጣ» የሚል መሆኑን ስናስብ፣ ሬሳ መከመሩ ተቃራኒውን ማድረግ ሆኖ እናገኘዋለን።

ሦስተኛውና ዋነኛው ጥያቄ «ለምን?» የሚለው ነው። በዚህ ላይ ለባለ መንጋው ልናዝንለት ይገባል። በአሜሪካ በጎችን ከሚገድሉ አውሬዎች ኮዮቴ የመጀመሪያውን ስፍራ ይይዛል። በሌሊት መንጋው የተበላበት ሰው ከሞቀ ክፍል ተቀምጦ የሚጽፍ ተማሪ ሊፈርድበት አይገባም። በረት ማጠር፣ መንጋ የሚጠብቁ ትልልቅ ውሾች ማሳደግ፣ የሞተውን መቅበር፤ ይህን ሁሉ አድርጎ ያልሆነለት ሰው በበጎቹ ላይ የለመደውን አውሬ በማናቸውም ፈጣን መንገድ ቢገድል አልነቅፈውም።

ነገር ግን ክምሩን ከሚያዘጋጁት ብዙዎቹ በግ የላቸውም። ምክንያታቸው ሲጠየቁ «ቁጥሩን እንቀንሳለን» ይላሉ። በ1975 በካሊፎርኒያ የታተመ አንድ የሒሳብ ጥናት ግን ከኮዮቴዎች 75 ከመቶው በየዓመቱ ቢገደሉ እንኳ ዘራቸውን ለማጥፋት 50 ዓመት ያህል እንደሚፈጅ አስልቷል። ምክንያቱም ቁጥራቸው ሲቀንስ የቀሩት ምግብ ይበዛላቸዋል፤ ብዙ ግልገል ይወልዳሉ፤ ከግልገሎቹም የሚያድጉት ይበዛሉ። የአሜሪካ መንግሥት ሠራተኞች ብቻ በየዓመቱ ኮዮቴዎችን በአሥር ሺህ በሚቆጠር ይገድላሉ፤ ኮዮቴው ግን አገሩን እያሰፋ ሄደ እንጂ አልጠፋም። ከዚህም አልፎ ብዙ የገደለ የሚሸለምበት ውድድር ይደረጋል። ካሊፎርኒያ በ2014፣ ቬርሞንት በ2018 ይህን ውድድር ከልክለዋል።

እንግዲህ በእኔ አስተያየት የማባበያው ሥጋ እውነተኛ ጉዳት እዚህ ላይ ነው። በእግሩ ኮቴ ተከትሎ፣ በብርድ ሲንከራተት የሚውል አዳኝ ድካሙ ራሱ ይጠይቀዋል፤ «ይህን ያህል የምደክመው ለምንድን ነው? የዚህ እንስሳ ሞት ይህን ያህል ያስፈልገኛልን?» ይለዋል። ብዙ ጊዜም መልስ ያጣና ወደ ቤቱ ይመለሳል። የሥጋው ክምር ይህን ጠያቂ ዝም ያሰኘዋል። እንስሳው ራሱ ይመጣል፤ ሰውየው ተቀምጧል፤ ጣት ማጠፍ ብቻ ይቀራል። ምክንያት ያለው ሰው ምክንያቱን ይዞ ይተኩሳል፤ ምክንያት የሌለውም እኩል ይተኩሳል። ስለዚህ ስሕተቱ ኮዮቴውን ማታለሉ ብቻ አይደለም፤ ከዚያ የሚበልጠው ሰውየው «ለምን?» ብሎ ራሱን ሳይጠይቅ ነፍስ እንዲያጠፋ ማመቻቸቱ ነው።

ይህን ጉዳይ ሕግ ብቻውን አይጨርሰውም። የአሜሪካ መንግሥት ከአገር አገር የሚሻገሩ የውሃ አዕዋፍን እህል በትኖ ማደንን በ1935 ከልክሏል። ድብን በማባበያ ምግብ ማደንን የኮሎራዶ ሕዝብ በ1992፣ የኦሬገን በ1994፣ የዋሽንግተን ክፍለ ግዛት በ1996 በድምፅ አስቀርተዋል፤ የሜይን ሕዝብ ግን በ2004ም በ2014ም ይከልከል የሚለውን ሐሳብ ሳይቀበለው ቀርቷል። ቅን ሰዎች በሁለቱም ወገን አሉ። ሕግ የሚለው «ይቻላል» ወይም «አይቻልም» ነው፤ በተፈቀደበት ስፍራ «ያስፈልጋልን?» ብሎ መጠየቅ ግን ለእያንዳንዱ ሕሊና የተተወ ነው።

ወንድሞችና እህቶች፤ በእንስሳት ላይ ሥልጣን እንዳለን ከልጅነታችን ተምረናል። ሥልጣን ግን የሚጠየቁበት አደራ ነው። ከእኛ ብዙዎቻችን ኮዮቴ አናድንም ይሆናል፤ ነገር ግን በእጃችን ባለ ፍጡር ላይ፣ በበግም በውሻም በአህያም ላይ፣ ቀላል ስለሆነልን ብቻ የምናደርገው ነገር ምን እንደሆነ እያንዳንዳችን ብንመረምር መልካም ነው። በአብልቶ መግደል ላይ ከዚህ የተለየ ሐሳብ ያለው፣ በተለይም መንጋ ጠብቆ ያደገ ወንድም ወይም እህት፣ ሐሳቡን ጽፎ ቢያቀርብልን በጉባኤያችን እንወያይበታለን።